የቅዳሜው ንፍሮ

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የሚንተከተክ ዘይት ሽታ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ እየጎተተች ዳላስ ውስጥ በየዓመቱ ወደሚከፈተው ፌር ወሰደችኝ። ቦታውን ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ልናገር፦ ቴክሳስ ውስጥ የሚጠበስ ነገር ሁሉ እዚያ ይጠበሳል፤ የማይጠበሰውም ይጠበሳል። ቋሊማው የሊጥ ካፖርት ለብሶ፣ በእንጨት ተሰክቶ ይጠበሳል። ብስኩቱ ይጠበሳል። ቅቤውን እንኳን አድቦልቡለው ይጠብሱታል። ቅቤ በዘይት! ሰልፍ ላይ ትንሽ ከፈዘዝክ አንተንም ሊጥ ውስጥ ነክረው፣ ስኳር ነስንሰው ከኋላህ ለቆመው ሰው ያቀርቡሃል። ሽታው ደግሞ አንዴ ልብስህ ውስጥ ከገባ እስከ ፋሲካ ይከርማል።

ሰልፍ ይዘን ሳለ ከፌሩ መሀል ያለው አሮጌው ስታዲየም አጓራ። ቅዳሜ ነበር፤ የጨዋታው ቅዳሜ። በየዓመቱ በጥቅምት የእኛ ስቴት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ልጆችና ከቀይ ወንዝ ማዶ የሚመጡት የኦክላሆማ ልጆች እዚያ ይገጥማሉ። አያቶቻቸውም እዚያው ተጋጥመዋል። ጨዋታው ኳሱ እንቁላል የሚመስለው፣ እግር ኳስ እየተባለ በእጅ የሚያዘው ነው። ስታዲየሙ እንደ ድፎ ዳቦ እኩል ለሁለት ይቆረጣል፤ ከመሀል መስመሩ ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ብርቱካናማ፣ ወዲያ ያለው ሁሉ ቀይ ይለብሳል። አንዱ ወገን ኳሱን ይዞ መጨረሻው መስመር ሲገባ ግማሹ ስታዲየም ይፈነዳል፣ ግማሹ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ሰርግና ለቅሶ ግድግዳ ሳይለያቸው ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ አላውቅም። ማለቴ፣ አንድ ሌላ አውቃለሁ።

«አባዬ፣ ኦኬ ነህ? ፊትህ ዊርድ ሆነ» አለችኝ ልጄ።

«ዘይቱ ነው፤ ዓይኔ ገብቶ» አልኳት።

ዘይቱ አልነበረም። ጋሼ መኩሪያ ነበር።

ልጅ ሆኜ፣ ከሱዳን ገና በመጣንበት ዘመን፣ ምሥራቅ ዳላስ ውስጥ አንድ ሁሉ ነገሩ ቡናማ የሆነ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ምንጣፉ ቡናማ፣ ግድግዳው ቡናማ፤ በረሮውም ቡናማ ስለነበረ ግድግዳው የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። ግቢው መሀል የመዋኛ ገንዳ ነበረ፤ ውሃ ግን የለውም። እኛ ልጆች ውስጡ ገብተን ኳስ እንራገጥ ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዋና የማልችለው፤ የዋና ገንዳ ውስጥ ያደግኩ ሰው ሆኜ። ከቤቶቹ ግማሹ የሐበሻ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደግሞ እድራችን፣ ፓርላማችንና የሐሜት ማኅበራችን ነበር።

ጋሼ መኩሪያ ከእኛ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ በነፋሻ ቀን ሲወጣ እናቴ «ድንጋይ ኪስህ ውስጥ ክተት» ትለው ነበር። ሲስቅ ማንቁርቱ እንደ ሊፍት ይወጣል፣ ይወርዳል። ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ቁም ሳጥን በምታክል የመስታወት ቤት ተቀምጦ የሰው መኪና ይጠብቅ ነበር። ያቺ ቤት ውስጥ እሱ፣ አንቴናዋ በሽቦ የታሰረ ሬዲዮና አንዲት የእግር ማሞቂያ ነበሩ፤ ሦስቱ ከገቡ አየር ውጪ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ያቺ ሬዲዮ ናት ጨዋታውን ያስተማረችው።

ቡድኑን ግን የመረጠለት ኮት ነው። አሜሪካ በገባ በሳምንቱ ስደተኛ የሚቀበሉት ሰዎች ከልብስ ክምር ውስጥ አንድ ኮት አውጥተው ሰጡት፤ ሦስት ሰው ከነሻንጣው የሚይዝ፣ ቀለሙ ያረረ ብርቱካን የመሰለ። ለብሶት አውቶቡስ ሊጠብቅ ሲቆም ባለመኪናው ሁሉ እያቀዘቀዘ፣ ጠቋሚ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን እንደ ቀንድ ቀስሮ ይጮህበት ጀመር።

«በሬ እያሉ የሚሰድቡኝ መሰለኝ» ይል ነበር ሲያወራው። «እኔም ወንድ አይደለሁ? ቀንዴን አቁሜ መለስኩላቸው። ይባስ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት! ሶ፣ ሳምንት ሙሉ ከዳላስ ሕዝብ ጋር ስንሰዳደብ ከረምን።»

በኋላ አብሮት የሚሠራ ሰው ነገሩን አስረዳው፤ ቀለሙ የዩኒቨርሲቲው ቡድን፣ ቀንዱም የደጋፊው ሰላምታ ነው። ጋሼ መኩሪያ እጅግ ተጸጸተ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰላም ሲለው እሱ ሲሳደብ ከረመ! እንግዲህ ለይቅርታ ይሁን ብሎ ዕድሜ ልኩን ብርቱካናማ ሊሆን ማለ።

ከዚያ ወዲያ የጨዋታው ቅዳሜ በግቢያችን ዓውደ ዓመት ሆነ። ስታዲየሙ ለእግር መንገድ እምብዛም ባይርቅም መግቢያው የማይታሰብ ነበርና፣ ቤቱ ተሰብስበን ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ በተነፋ ቴሌቪዥን እናይ ነበር። የፊቱን ግማሽ ብርቱካናማ ቀለም ይቀባል፤ ግማሹን «ለሥራ ይቆይልኝ» ብሎ ይተወዋል። የጨዋታውን ሕግ ያስረዳናል፤ ሕጉን ግን ራሱም አያውቀውም። ዳኛው ቢጫ ጨርቅ በወረወረ ቁጥር አዲስ ማብራሪያ ይፈጥራል፤ ባለፈው ዓመት ካለን ጋር አንዱም አይገጥምም። ማንም ግድ አልነበረውም። እኛ የምናየው ኳሱን አይደለም፤ እሱን ነው።

ጨዋታው እንዳለቀ ደግሞ የስልክ ካርዱን ፍቆ ናዝሬት ላሉት እናቱ ይደውላል። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ሄደው፣ እኩለ ሌሊት እስኪጠጋ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እሱ ማን ማንን እንደጣለ፣ ማን በማን ላይ እንደዘለለ ይዘረዝርላቸዋል። እሳቸው ሰምተው ሰምተው ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል።

«የተጎዳ ልጅ አለ?»

«የለም እማዬ፣ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«እሰይ፤ የእናቶቻቸው ጸሎት ነው።»

ማን እንዳሸነፈ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። እሱ ይህን እየደጋገመ ሲነግረን ማንቁርቱ ከላይ ደርሶ መውረድ ያቅተው ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር ያኔ አልለየሁትም። ከአገር ከወጣ ጀምሮ ዓይናቸውን አላየም።

ታዲያ በአንዱ ዓመት፣ ጨዋታው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልካችን ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከአገር ቤት ነበር። «አባትህን ጥራው» አለኝ አንድ የማላውቀው ሰው፣ እንዴት ነህ እንኳን ሳይል። ያን ጊዜም ሆነ አሁን፣ ሐበሻ እንዴት ነህ ሳይል ከጀመረ ሰው ሞቷል ማለት ነው። መርዶ ደግሞ ለባለቤቱ አይደወልም፤ ለወዳጅ ነው የሚደወለው፤ ወዳጅ ሰው ሰብስቦ፣ ቀን መርጦ፣ ማለዳ ሄዶ ይነግራል። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ «እህ» አለ። ወይዘሮ አስካለ በዋዜማው ዐርፈው፣ እዚያው ናዝሬት ተቀብረዋል።

ፓርላማው ወዲያው ማጠቢያው ክፍል ተሰየመ። አባቴ አለ፣ እናቴ አለች፣ የጋሼ መኩሪያ የቅርብ ጓደኛ ይልማ አለ፣ የግቢው ታላቅ እማማ ዘውዴ አሉ። እኔ ትኩሱ ማድረቂያ ማሽን ላይ ተቀምጬ ቂጤን አሞቃለሁ፤ ልጅ አይሰማም ብለው ይሆናል፣ ማንም ውረድ አላለኝም።

«ዛሬውኑ እንንገረውና እርሙን ያውጣ» አለች እናቴ።

«መርዶ በምሽት አይነገርም» አለ ይልማ። «ነገም ማለዳ ሺፍት ገቢ ነው፤ እኛም ሥራ ነን። ማን አብሮት ይቀመጣል?»

«ቅዳሜ ማለዳ ነዋ!» አለች እናቴ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሑድ ይሁን። ቅዳሜ ጨዋታው ነው።»

«እና?»

«እናማ ይለፍለት። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ ጠግቦ የሚስቀው በዚህች ቀን ነው። አንዴ ከነገርነው ሁለተኛ አያገኛትም። አንድ ቅዳሜ ብንሰጠው ምን አለበት?»

«እናቱ አፈር ገብታ እሱ ሊጨፍር? ሲሰማስ ምን ይላል?»

«ሲሰማ ያመሰግነናል» አለ አባቴ።

እማማ ዘውዴ «ለደግ ነው፣ ለደግ ነው» አሉ፤ ግማሹን ነገር ሰምተውት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። አባቴ ወደ እኔ ዞረና «አንተ፣ ከዚያ አፍህ ቃል ቢወጣ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። የፈራሁት ያልጨረሰውን ነው።

ከዚያ ጥበቃው ተጀመረ። የአሜሪካንን ፕሬዚዳንት እንዲያ አይጠብቁትም። አገር ቤት ካለ ሞኝ ሰው ስልክ እንዳይመጣበት፣ አባቴ መዶሻ ልዋስ ብሎ ወጥቶ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቅሎ ተመለሰ፤ መዶሻውን ረሳው። ይልማ ደግሞ ዓርብ ዕለት አመመኝ ብሎ ከሥራ ቀረና፣ ያቺ አየር የማይገባባት የመስታወት ቤት ውስጥ ከጋሼ መኩሪያ ጋር ተጨንቆ ዋለ። ሲመለሱ ሁለቱም የእግር ማሞቂያው የጠበሳቸው ይመስሉ ነበር። «ይሄ ይልማ ምን ነካው?» አለን ጋሼ መኩሪያ። «ሽንት ቤት እንኳን ብቻዬን አላስገባ አለኝ። ፖሊስ ነው የሚፈልገው?» ሁላችንም ሳቅን። ሁላችንም፣ ከአስፈላጊው በላይ።

ቅዳሜ ሲነጋ፣ በዚያ ዓመት እኛ ቤት ይታይ ተባለ። ገና በጠዋቱ እማማ ዘውዴ አንድ ትልቅ ድስት አቅፈው መጡ። እሳቸው ለቅሶ አለ ከተባለ እጃቸው ራሱን ችሎ ወደ ምድጃ የሚሄድ ሴት ናቸው። እናቴ ክዳኑን ስትከፍት ስንዴና ሽምብራ፣ የተቀቀለ፣ ትኩስ። ንፍሮ!

«እማማ! ገና አልተነገረውም እኮ!»

«አልተነገረውም? ታዲያ ምን እያልን ነበር እዚያ ማሽን ቤት?»

ንፍሮ ለቅሶ ቤት የሚቆረጠም መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እናቴ ድስቱን ኦቭኑ ውስጥ ደብቃ በሩን በጉልበቷ ገፋችው።

ጋሼ መኩሪያ ኮቱን ደርቦ፣ የፊቱን ግማሽ ቀብቶ፣ ቀንዱን አቁሞ ገባ። ቤቱ ጭጭ አለ። ዞር ዞር ብሎ አየን።

«ምነው ጎበዝ? የሞተ ሰው ያለ ይመስላል እኮ!»

ይልማ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም፤ ሳቁ ካለቀ በኋላም አፉን መዝጋት አቃተው። እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀችው። ሊትር ሙሉ እንባ ነው ያፈሰሰችው፤ ስትወጣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነበር፣ «ሽንኩርት» አለች፤ ሽንኩርት የከተፈ ግን በአካባቢው አልነበረም።

ጨዋታው ጦፈ። እሱ ይጮኻል፣ እኛ ከእሱ ግማሽ ደቂቃ ዘግይተን እንጮኻለን። ለእረፍት ሲወጡ ሥጋውን ላሙቅ ብሎ ተነሣ። «ተው እኔ ነኝ የማሞቀው!» ብላ እናቴ ስትሮጥ ቀድሟት ኦቭኑን ከፈተ።

ድስቱን አወጣ። ክዳኑን አነሣ። አየው።

እኔ ልጅ ነኝ፤ ግን ያኔ ልባችን ሁሉ ቆሞ እንደነበር እምላለሁ። ቤት ውስጥ የሚሠራው ፍሪጁ ብቻ ነበር።

«ንፍሮ!» ብሎ ጮኸ። «የእማማ ዘውዴ እጅ ነው፣ አወቅኩት! ዛሬ ቀዮቹን ልንቀብራቸው ነዋ! ወይ እማማ፣ እንዴት ያለ ሐሳብ መጣልዎት!»

ሰፊ ትሪ ላይ ገለበጠውና እየዞረ በእጁ ያድለን ጀመር። የኦክላሆማ ሰው የሆንን ይመስል እያንዳንዳችን ፊት ጎንበስ እያለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። «እግዜር ያጥናችሁ። ይልማ፣ አይዞህ፤ እግዜር ያጥናህ።» ይልማ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። አባቴም ተቀበለ። ሲያኝክ አየሁት፤ ያቺ አንዲት እፍኝ እስክትዋጥ ሦስተኛው ሩብ ጨዋታ አለቀ። እኔም በላሁ።

ብርቱካናማዎቹ አሸነፉ። ምነው በተሸነፉ! ጋሼ መኩሪያ ምንጣፉ ላይ እስክስታ ወረደ፤ ከታች የሚኖሩት ሜክሲኮዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እስኪደበድቡ ድረስ። እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ አዞረኝ፤ ከላይ ሆኜ ሁሉንም ሰው አየሁ። ሁሉም ሰው የሚያጨበጭበው እሱን ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ ነበር።

አውርዶኝ ላቡን ጠረገና «ጋሽ አየለ» አለው አባቴን፣ «ስልኬ ተበላሽቶብኛል፤ በእናንተ ልደውል። እማዬ እየጠበቀችኝ ነው።»

አባቴ ስልኩ ፊት ቆመ። «እዚያ መሽቷል እኮ።»

«አትተኛም። ሁሌ ትጠብቀኛለች።»

«አሮጊት ከእንቅልፏ አትቀስቅስ። ነገ ጠዋት ደውልላት፤ ተረጋግተህ።»

ጋሼ መኩሪያ ስልኩን አየ፣ አባቴን አየ። «ኦኬ» አለ። «ነገ ይሻላል። ድምፄም ዘግቷል።»

እሑድ ማለዳ፣ ሰማዩ ሳይገላለጥ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ወጡ። ቤት ውስጥ ብቻዬን እንዳልቀር እናቴ በእጇ ይዛኝ ነበር። አባቴ አንኳኳ። ጋሼ መኩሪያ በሩን የከፈተው ትናንት በለበሰው ብርቱካናማ ሸሚዝ ነው፤ ቀለሙም ከፊቱ አልታጠበም፤ ትራስ ላይ ተፋፍቆ ግማሽ ፊቱ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ደረጃውን የሞላውን ሕዝብ ሲያይ ፈገግ አለ።

«ምነው፣ ጨዋታው አላለቀም እንዴ?»

ከዚያ ነጠላዎቹን አየ።

አባቴ ለዚህ ጊዜ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ሞት የማይቀር ዕዳ ነው የሚለው። ጀመረው። ጋሼ መኩሪያ በእጁ አስቆመው።

«እማዬ ናት?»

«እግዜር ያጥናህ።»

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«እናንተ መቼ ሰማችሁ?»

እማማ ዘውዴ ልባቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ።

«ጋሽ አየለ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ። መቼ ሰማህ?»

«ሐሙስ።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። «ትናንት ታውቁ ነበር» አለ በጣም ቀስ ብሎ። «እኔ ስጨፍር ታዩኝ ነበር። የእናቴን ንፍሮ በእጄ አሳደላችሁኝ። ነገ ደውልላት አልከኝ።»

«መኩሪያ፣ ወንድሜ፣ እኛ እኮ…»

«ውጡ።»

መርዶ ነጋሪን የሚያባርር ሐበሻ ከዚያ በፊት አልታየም፤ ስለዚህ ማንም እንዴት እንደሚወጣ አላወቀም። በሩን ዘጋው። ከውስጥ ያለቀሰውን ለቅሶ አልጽፈውም፤ ስለዚያ ማጋነን አልችልም። እኛ ደረጃው ላይ፣ እሱ ውስጥ፣ በመሀላችን አንድ ቡናማ በር፤ ሁለት ወገን ሆነን ለአንዲት ሴት አለቀስን። እናቴና እማማ ዘውዴ ሳምንቱን ሙሉ እህል እየሠሩ ደጁ ላይ አስቀመጡለት፤ ድስቱ ክዳኑ ሳይነሣ ይጠብቃቸው ነበር። ሽማግሌ ተላከ፤ አልከፈተም። አገር ሙሉ ሰው አጠገቡ እያለ ጎረቤት እንደሌለው ሰው ብቻውን ተቀመጠ።

ወር ሳይሞላው ወደ ፎርት ዎርዝ ሄደ። አሁን ፎርት ዎርዝ አንድ ቡና ሳይበርድ የሚደረስበት ነው፤ ያኔ መኪና ለሌለው ሰው ግን ጨረቃ ናት። ዕቃውን ብቻውን ጫነ። እኔ ባዶው ገንዳ ጫፍ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አየው ነበር። መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ንፍሮውንስ በላህ?»

«በላሁ።»

«ጥሩ ነበር?»

«ጨው አንሶታል።»

ማንቁርቱ ወጣ፤ እዚያው ቀረ። ሳቅ መሆኑን አሰበና ተወው መሰለኝ። «ስማኝ» አለ። «ትልቅ ሰው ስትሆን፣ ሰው ሲሞትብህ በዚያችው ደቂቃ እንዲነግሩህ ቀድመህ ንገራቸው። ቀድመህ! አለዚያ ያዝኑልሃል።»

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጨዋታውንም አይቶ አያውቅም ይላሉ፤ በዚያ ቅዳሜ ትርፍ ሺፍት ይለምን ነበር አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፎርት ዎርዝ ሲያርፍ ለአባቴ የነገረው ሰው የለም። የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ከተቀበረ ከረመ ሲሉ በጎን ሰማ። ያን ዕለት ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና «አንድ ቅዳሜ ነው የሰጠሁት» አለ። «ሰረቅኩት እንዴ? ሰጠሁት እንጂ።»

እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ለጋሼ መኩሪያ ወግኜ አባቴን ስወጋው ኖርኩ። ቀልደኛ ነኝ፤ በየጥቅምቱ ጨዋታው ሲጀመር «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶብኝ ነው የምታስቀኝ?» እለው ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እሱ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

ምክሩንም አክብሬያለሁ። አርሊንግተን የምትኖረውን እህቴን ሂሩትን ገና ድሮ አስምያታለሁ። «አባዬ አንድ ነገር ቢሆን ሽማግሌ እንዳትሰበስቢብኝ። የትም ልሁን፣ ምንም ላድርግ፣ በዚያችው ደቂቃ ኮል አድርጊልኝ።» ሂሩት ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት።

ካቻምና፣ ጨዋታው ነገ ሊሆን ዓርብ ዕለት፣ ደወለች። እኔ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ከተርሚናል ወደ መኪና ኪራዩ ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ ነው የምነዳው። አውቶቡሱ ለጨዋታው በመጣ ሰው ታጭቋል፤ ብርቱካናማው ከቀዩ ጋር እየተሰዳደበ፣ እየተሳሳቀ፣ አንዱ የሌላውን ኮፍያ እየነጠቀ።

«የት ነህ?» አለችኝ፣ በጆሮ ማዳመጫዬ።

«እየነዳሁ ነው። ምነው?»

«ንገሪኝ ብለህ አስምለኸኛል።»

«ንገሪኝ።»

«አባዬ አሁን ዐረፈ። ዶክተሩ አሁን ወጣ።»

ኦኬ አልኳት። መንገዱ ዞረ፣ አውቶቡሱ ዞረ፣ ከኋላዬ መዝሙር ጀመሩ። በመስታወቱ አየኋቸው፤ አፋቸው ሁሉ ክፍት። ኪራዩ ጋ ደርሰን ፓርክ አደረግኩና ሻንጣ ማውረድ ያዝኩ። አንድ ቦርጫም ቀይ ለባሽ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ነገ ማን ያሸንፋል ትላለህ?» አለኝ።

«ቅቤ ጠባሹ» አልኩት።

አውቶቡሱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጥርሴን አሳየኋቸው።

አንድ ቅዳሜ። የሆነ ሰው ስልኬን ነቅሎ፣ ሽንት ቤት ድረስ ተከትሎኝ፣ መሬት መሬት እያየ አጨብጭቦልኝ፣ እስከ እሑድ ማለዳ ድረስ አባት ያለኝ ሰው አድርጎ ቢያቆየኝ ምን ነበረበት? በሁለት እጄ ነበር የምቀበለው። ግን እንዲያ ያለ ነገር ለሰው የሚሰጥ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን ዐርፏል።

የመጨረሻውን ሻንጣ አወረድኩ። በሩን ዘጋሁና ወደ ተርሚናሉ ተመለስኩ፤ ሌሎች ቆመው እየጠበቁ ነበር።